ሰው ወደ አዲስ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ለመሻገር ለምን ይዘገያል?

ስክሪን ጠባቂ

ሰላም ለሁላችሁ። በአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ድጋፍ ክፍል ነው የምሠራው። ከ60 በላይ ኮምፒውተሮች በእኔና በአንድ ባልደረባዬ እጅ ናቸው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ቀኑ ከዓመታት በፊት የታወቀ ነበር። እኛም ደጋግመን አሳስበናል። ሆኖም ሰዉ ግማሽ በግማሽ ዛሬም "ቆይ፣ ይቺን ሥራ ልጨርስ" ነው የሚለኝ።

እስካሁን ነገሩን ከስንፍና ወይም ካለማወቅ ነበር የምቆጥረው። ባለፈው ሳምንት ግን አንዲት ባልደረባዬ አጠገብ ተቀምጬ ሌላ ችግር ስፈታላት የአፕግሬዱ መልእክት ብቅ አለ። እጇ ከዓይኗ ቀድሞ "በኋላ አስታውሰኝ" የሚለውን ነካ። አላነበበችውም። "ምን ይላል?" አልኳት። "ምንም ይበል፣ የሚሠራውን አትንኩብኝ" አለችኝ። ድምጿ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ፍርሃት ነበር። የተሳሳትኩት እኔ እንደሆንኩ መጠርጠር የጀመርኩት ያኔ ነው።

እና ከልቤ ልጠይቃችሁ። አዲስ ሲስተም ሲመጣ እናንተን የሚይዛችሁ ምንድን ነው? መጽሐፍ ላይ ያለውን አይደለም የምፈልገው። የደረሰባችሁን ንገሩኝ።

ወር መዝጊያ

እኔ ከእነዚያ ሰዎች አንዷ ነኝ። ስለዚህ ልንገርህ።

የምሠራበት የሂሳብ ፕሮግራም ከተሠራ 15 ዓመት አልፎታል። የጻፈው ሰው ሥራ ከለቀቀ ቆይቷል። ፕሮግራሙ የሚከፈተው ዩኤስቢ ላይ የምትሰካ አንዲት ትንሽ ቁልፍ ስትኖር ብቻ ነው። የዚያች ቁልፍ ድራይቨር (ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባት ሶፍትዌር) አዲሱ ሲስተም ላይ ይሥራ አይሥራ እርግጡን የሚነግረኝ ሰው የለም። "ይሠራል መሰለኝ" ይሉኛል። መሰለኝ ደግሞ ሂሳብ አይዘጋም።

አንድ ጊዜ የደረሰብኝን ልጨምር። ቅዳሜ ዕለት ኮምፒውተሬን አፕግሬድ አደረጉልኝ። ሰኞ ስገባ ሁሉም ነገር ደህና ነው። ፕሮግራሙ ይከፈታል፣ ፕሪንተሩ ያትማል። ማንም ያላየው የቀን አጻጻፉን ነበር። ቀን፣ ወር፣ ዓመት የነበረው ወር፣ ቀን፣ ዓመት ሆኗል። እኔ ኤፕሪል 3 ለማለት 03/04 ብዬ ስጽፍ እሱ ማርች 4 ብሎ ይመዘግባል። እስከ 12 ላሉ ቀኖች ምንም ቅሬታ የለውም። እምቢ ያለኝ 13ኛው ቀን ላይ ነው። እስከዚያ የገባው ደረሰኝ ከሞላ ጎደል ሁሉም የተሳሳተ ወር ውስጥ ተቀምጧል። አንድ በአንድ ከወረቀቱ ጋር እያመሳከርኩ አስተካከልኩ። ሁለት ሌሊት ቢሮ አመሸሁ።

ለእናንተ አፕግሬድ መቶ ፐርሰንት ደርሶ ሪስታርት ሲያደርግ ያለቀ ሥራ ነው። የእኔ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

ፓች

እህቴ ወር መዝጊያ፣ የደረሰብሽ ነገር ያማል። አላቃልለውም። እኔ የምሠራው ደህንነት ላይ ስለሆነ ግን የሌላውን ወገን ላንሳ።

ዋናክራይ የተባለውን ቫይረስ አስታውሱ። ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን ፓች ያወጣው ማርች 14 ቀን 2017 ነው። ቫይረሱ የተለቀቀው ሜይ 12 ነው። በመካከል ሁለት ወር ገደማ ነበር። በ150 አገሮች ከ200,000 በላይ ኮምፒውተሮች ተቆልፈው ገንዘብ ተጠየቀባቸው። በእንግሊዝ የሕዝብ ጤና አገልግሎት ከ19,000 በላይ ቀጠሮዎች እንደተሰረዙ ተገምቷል። አምቡላንሶች ወደ ሌላ ሆስፒታል ዞረዋል። ይሄ እንግዲህ ፋይል መጥፋት ብቻ አይደለም፤ ታሞ ወረፋ የያዘ ሰው አለበት።

አንድ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ያኔ ሁሉም ጣቱን የቀሰረው አሮጌው ዊንዶውስ ኤክስፒ ላይ ነበር። ማይክሮሶፍትም ድጋፉ ከ3 ዓመት በፊት ላበቃው ኤክስፒ ከልማዱ ወጥቶ ፓች ለቀቀ። ከተጠቁት ውስጥ አብዛኞቹ ግን ዊንዶውስ 7 የጫኑ ነበሩ። ለእነሱ ፓቹ ቀርቦላቸው ነበር። መጫን ብቻ ነበር የቀራቸው። ስለዚህ "በኋላ አስታውሰኝ" የምትለዋን ቁልፍ ሳይ ልቤ ይፈራል።

ኬብል

ፓች፣ ያልከው ሁሉ ልክ ነው። ግን ሰው ያቺን ቁልፍ መጫን የለመደው ከምን ተነስቶ እንደሆነ እንይ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል።

ኦክቶበር 2018 የወጣውን የዊንዶውስ 10 አፕዴት አስታውስ። ከጫኑት ሰዎች አንዳንዶቹ ዶክመንት ፎልደራቸው ውስጥ የነበረው ፋይል ጠፋባቸው። ማይክሮሶፍት በቀናት ውስጥ አፕዴቱን አቆመው። ተስተካክሎ እንደገና የወጣው ኖቬምበር 13 ላይ ነው። የተጎዱት ከጠቅላላው ሲታዩ ጥቂት ናቸው። ወሬው ግን ሁሉም ጆሮ ደረሰ። የልጇን ፎቶ እዚያ ፎልደር ውስጥ ያስቀመጠች እናት "ጥቂት ሰው ነው" ብትላት አትጽናናም።

ከዚያ በፊት ደግሞ 2016 ላይ ወደ ዊንዶውስ 10 ግቡ የሚለው መስኮት ነበር። አፕግሬዱ በራሱ ቀጠሮ ይይዛል። ሰዉ ጥግ ላይ ያለችውን የኤክስ ምልክት ተጭኖ ይዘጋዋል። ሁላችንም ኤክስ ማለት "አልፈልግም" እንደሆነ ነው የተማርነው። በዚያ መስኮት ላይ ግን መዝጋቱ ቀጠሮውን አይሰርዘውም ነበር። ሳይፈቅዱ ሲስተማቸው ተቀይሮ የጠበቃቸው ሰዎች ብዙ ነበሩ። ጩኸቱ ሲበዛ ነው እምቢ ማለትን ግልጽ ያደረጉት።

እኔን የሚቆጨኝ ይሄ ነው። የደህንነቱ ፓችም፣ የመልክ ለውጡም፣ ማንም ያልጠየቀው አዲስ ባሕርይም በአንድ በር ነው የሚገቡት። ሰው ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ሲሸሽ በሩን ይዘጋዋል። ያኔ የመጀመሪያውም ውጭ ይቀራል። ዋናክራይን ያስገባው የተዘጋው በር ነው ካልክ፣ በሩን ማን አስጠላው ብለህም ጠይቅ።

ፓች

ይሄን አልክድም። ትልልቅ ድርጅቶች እኮ የደህንነቱን ብቻ እየወሰዱ የመልክ ለውጡን ለዓመታት የሚያቆዩበት የዊንዶውስ ቅጂ አላቸው። ተራው ተጠቃሚ ግን ያንን ምርጫ በቀላሉ አያገኝም። እሱ ላይ ነው ችግሩ የሚከብደው።

ጡረተኛው መምህር

ልጆች፣ እንደምን ናችሁ። ለ37 ዓመት አስተምሬ ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ። እዚህ ብዙ ጊዜ አነባለሁ እንጂ አልጽፍም። የዛሬው ግን የእኔ ጉዳይ ስለሆነ ነው።

ኮምፒውተር የለመድኩት በእርጅናዬ ነው። አንድ ደብተር አለኝ። ማንኛውንም ነገር ስማር እዚያ ላይ ደረጃ በደረጃ እጽፋለሁ። "ፎቶ ለልጅ መላክ" የሚል ገጽ አለ። "ደብዳቤ ማተም" የሚል አለ። "ድምፅ ሲጠፋ" የሚልም አለ። አንዱ ገጽ እንዲህ ይጀምራል፤ "በግራ ከታች ጥግ ያለችውን ክብ ምልክት አንድ ጊዜ ንካ።" ከእሷ የማይጀምር ገጽ የለኝም ማለት እችላለሁ።

ከዕለታት አንድ ቀን ልጄ ሊጠይቀኝ መጣ። "አባዬ፣ ይሄ አርጅቷል" ብሎ ዊንዶውስ 8ን ጫነልኝ። በደግነት ነው። እሱ ከሄደ በኋላ ደብተሬን ይዤ ተቀመጥኩ። ክቧ ምልክት የለችም። ደብተሩ ሙሉ በሙሉ ዋጋ አጣ። አንብቦ የተረዳ ተማሪ ፈተናው ሲቀየርበት እንደሚሆነው ሆንኩ። ለሁለት ወር ያህል ኮምፒውተሩን ከፍቼ አላውቅም። ለልጄም አልነገርኩትም። ያዝንብኛል ብዬ።

አዲስ ነገር መማር አልጠላም። ዕድሜዬን በሙሉ ሌሎችን ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ግን ትምህርቱን እኔ ስዘጋጅ ብጀምረው እወዳለሁ።

ስክሪን ጠባቂ

መምህር፣ ስለጻፉልን እግዜር ይስጥልን። የደብተሩ ነገር ልቤን ነካው። እኛ ቢሮም እንዲህ ዓይነት ደብተር ያላቸው ሰዎች አሉ። ኪቦርዱ ሥር የተለጠፈ ወረቀት፣ ስክሪኑ ጠርዝ ላይ የተጣበቀች ቢጫ ብጣሽ። ፎርማት ሳደርግ ፋይላቸውን ባክአፕ አደርግላቸዋለሁ። ያቺ ወረቀት ላይ ያለው እውቀት ግን ባክአፕ እንደማይደረግ አስቤው አላውቅም።

አንድ ነገር ልበል። የጠፋብዎት እርስዎ ስለተሳሳቱ አይደለም። ዊንዶውስ 8 በ2012 ሲወጣ ያቺን ክብ ምልክት፣ ስታርትን፣ አነሳት። ቅሬታው ስለበዛ በዓመቱ 8.1 ላይ ምልክቷን መለሱ። ሜኑው በደንብ የተመለሰው 2015 በዊንዶውስ 10 ነው። ያኔ የተሰማዎት በብዙ ሚሊዮን ሰው ላይ የደረሰ ነው።

ካቻቢቴ

ጠጋኝ ነኝ። ቀኑን ሙሉ የሰው ኮምፒውተር ነው የምፈታው። ሁላችሁም ስለ ፍላጎት አወራችሁ። እኔ ጋ የሚመጣው ሰው ግን ብዙውን ጊዜ ፈልጎ ማሽኑ ነው እምቢ ያለው።

ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይፈልጋል። ሴኪዩር ቡት የሚባለውን፣ ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚሠራ ጥበቃ የሚደግፍ ማሽን ይፈልጋል። ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ከሆነ በጥቂት ልዩነቶች ከ8ኛው ትውልድ ወዲህ ያለውን ነው የሚቀበለው፤ ያ ትውልድ ደግሞ ገበያ የገባው 2017 መጨረሻ አካባቢ ነው። ስለዚህ 2016 ላይ ደህና ገንዘብ አውጥቶ ጠንካራ ማሽን የገዛ ሰው በሩ ላይ ይመለሳል። ማሽኑ ግን እስከ ዛሬ እንደ ወፍ ይበራል። "ታዲያ ምን አጎደልኩ?" ሲለኝ የምመልስለት አጣለሁ።

አንድ ጠቃሚ ነገር ግን ልጠቁም። "ኮምፒውተርዎ አይችልም" የሚል መልእክት ያያችሁ ሁሉ ተስፋ አትቁረጡ። ብዙ ጊዜ ቲፒኤሙ አለ፤ ባዮስ ውስጥ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚገባበት የማሽኑ ማስተካከያ) ጠፍቶ ነው። ኢንቴል ላይ ፒቲቲ፣ ኤኤምዲ ላይ ኤፍቲፒኤም በሚል ስም ታገኙታላችሁ። ከማብራታችሁ በፊት ዲስኩ በቢትሎከር ተቆልፎ እንደሆነ አረጋግጡ። ከሆነ የማስከፈቻ ቁልፉን ቀድማችሁ ጻፉት።

ሌላው ፍጥነት ነው። አሮጌ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ላይ አዲስ ሲስተም ከጫንክ ዲስኩ መቶ ፐርሰንት ላይ ተሰክቶ ይቀራል። ማውሱ ይንቀሳቀሳል፣ ሌላው ሁሉ ቆሟል። ሰውየው የሚያማው ሲስተሙን ነው፤ ጥፋቱ ግን የዲስኩ ነው። ኤስኤስዲ በሚባለው፣ በማይሽከረከረው ፈጣን ዲስክ ቀይሬ ያንኑ ሲስተም ስጭንለት አመስግኖ ይሄዳል።

ድሮም እንዲህ ነበር። ኤክስፒ ከ2001 እስከ 2014 ድጋፍ አልተቋረጠበትም። በመሃል 2007 ላይ ዊንዶውስ ቪስታ ሲመጣ ከባድ ነበር፤ የፕሪንተርና የስካነር ድራይቨር ጠፋ፤ በየደቂቃው "ይፈቅዳሉ?" እያለ ያሰለቻል። ሰዉ ኤክስፒ ላይ ቁጭ አለ። 2009 ላይ ዊንዶውስ 7 ሲመጣ ግን ያው ሰው ወዶ ተሻገረ። የዘገየው ሰው ሰነፍ ቢሆን ኖሮ ያኔም ባልተሻገረ ነበር።

ቀለም

እኔ ዲዛይነር ነኝ፤ ማክ ነው የምጠቀመው። ማክ ላይ ከ2013 ጀምሮ አዲሱ ሲስተም በነፃ ነው። በየዓመቱ ይመጣል። ማውረድ ብቻ ነው። ሆኖም እኛም እንዘገያለን። ስለዚህ ነገሩ የዋጋ ብቻ እንዳይመስላችሁ።

በ2019 ካታሊና የሚባለው የማክ ሲስተም ሲወጣ የ32 ቢት ፕሮግራሞች፣ በቀድሞው አሠራር የተሠሩት፣ በሙሉ መሥራት አቆሙ። አንዳንዶቹ ፕሮግራሞች ለዓመታት የከፈልኩባቸው ነበሩ። የስካነሬም ሶፍትዌር ከእነሱ አንዱ ነበር፤ አምራቹ አዲስ አላወጣለትም። ስካነሩ ራሱ ምንም አልሆነም። መስታወቱ ንጹሕ ነው፣ መብራቱ ይሠራል። የሚያናግረው ሶፍትዌር ነው ያጣው። ለደንበኛ መድረስ ያለበት የእጅ ሥዕል በእጄ ይዤ ቆምኩ። ከዚያ ወዲህ አዲስ ሲስተም ሲወጣ ቢያንስ ስድስት ወር እጠብቃለሁ። የሌሎቹን ሰዎች ልምድ አነባለሁ። በእኔ ሥራ ይሄ መዘግየት ጥንቃቄ ነው።

ተርሚናል

ሊኑክስ የሚባለውን ነፃ ሲስተም ሞክሩ። ከዓይነቶቹ አንዱ የሆነው የኡቡንቱ የረጅም ጊዜ ቅጂ በየሁለት ዓመቱ ይወጣል፣ 5 ዓመት የደህንነት ፓች ያገኛል። ካቻቢቴ የሚመልሳቸው አሮጌ ማሽኖች ላይም ጥሩ ይሠራል።

ወር መዝጊያ

ተርሚናል ወንድሜ፣ ስለ ሐሳቡ አመሰግናለሁ። ግን የእኔ የሂሳብ ፕሮግራም እዚያ ላይ አይከፈትም። የመምህርም ደብተር እንደገና ከገጽ 1 ይጀምራል።

ተርሚናል

እውነትሽን ነው፤ ደብተሩን ረስቼው ነበር። እኔም ራሴ ብሆን ሰርቨሮቻችን ላይ አዲሱ ቅጂ በወጣ ቀን አልጭንም። የመጀመሪያው እርማት እስኪወጣ ወራት እጠብቃለሁ። ለካ እኔም ከዘገዩት ውስጥ ነኝ።

ካቻቢቴ

ወር መዝጊያ፣ አንድ ነገር ታውቂ እንደሆነ። ዊንዶውስ ላይ አፕግሬድ ካደረግሽ በኋላ ካልተስማማሽ ወደ ነበርሽበት መመለስ ትችያለሽ። አሮጌው ሲስተም ለ10 ቀን ይቀመጣል።

ወር መዝጊያ

10 ቀን? የእኔ ስህተት እኮ የታየው በ13ኛው ቀን ነው።

ካቻቢቴ

ልክ ነሽ። ጥሩ ነጥብ ያዝሽ። አፕግሬዱ እንዳለቀ በትእዛዝ ወደ 60 ቀን ማራዘም ይቻላል። ግን የመጀመሪያው 10 ቀን ሳያልፍ መደረግ አለበት። የድጋፍ ክፍላችሁ ያውቀዋል። ማወቅም አለበት። ብቻ ልብ በይ፤ ስትመለሺ ከአፕግሬዱ በኋላ የጫንሻቸው ፕሮግራሞች ይነሳሉ። ስለዚህ ለብቻው የዲስኩ ሙሉ ኮፒ ውጭ ይቀመጥ። እኔ ያለሱ የማንንም ማሽን አልነካም።

ፓች

ፕሮግራሙ ከነጭራሹ አዲሱ ላይ ካልሠራ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። አሮጌውን ማሽን ለዚያ ፕሮግራም ብቻ ተዉት። ኢንተርኔት አይግባበት፣ ከቢሮው ኔትወርክ ይነጠል። ዋናክራይ የተዛመተው በኔትወርክ ነው፤ ያልተገናኘ ማሽን ላይ በዚያ መንገድ አይደርስም። ኢሜይልና ሌላው ሥራ በአዲሱ ይሠራ። ፍላሽ ይዛችሁ ስትመላለሱ ግን ሁልጊዜ ስካን አድርጉ።

ስክሪን ጠባቂ፣ አንተም ሁሉንም በአንድ ቀን ካላሻገርኩ አትበል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ድጋፉ ካበቃ በኋላም ተመዝግቦ የሚገኝ የደህንነት ማራዘሚያ አቅርቧል። በእሱ ጊዜ ግዛ። ሰው ተጨንቆ ከሚሻገር ተዘጋጅቶ ይሻገር። ይሄን የምልህ እኔ መሆኔን ልብ በል፤ በዚህ ክር መጀመሪያ ላይ እንዲህ አላልኩም ነበር።

ስክሪን ጠባቂ

ሦስት ሳምንት ጠፋሁ፤ ይቅርታ። የሆነውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የነገርኳችሁን ባልደረባዬን ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳት። ከዚያ ማስታወሻ ይዤ ጎኗ ተቀመጥኩ። አንድ ቀን ሙሉ የምትሠራውን አየሁ። የትኛውን ፕሮግራም በምን ሰዓት እንደምትከፍት፣ ለየትኛው ፕሪንተር በየትኛው ወረቀት እንደምታትም፣ ኪቦርዷ ሥር ያለችው ወረቀት ምን እንደምትል። ወር መዝጊያ ያለችውን የቀን አጻጻፍም አየሁ። ከዚያ በፊት የማላውቀው አንድ የኤክሴል ፋይል አገኘሁ። ሁሉም ሪፖርቷ ከእሱ ነው የሚወጣው። ውስጡ ያለው ማክሮ (ሥራውን በራሱ የሚያከናውን ትንሽ ፕሮግራም) በባለ 32 ቢቱ ኦፊስ ብቻ ነው የሚሠራው። እኔ ደግሞ ባለ 64 ቢቱን ልጭንላት አዘጋጅቼ ነበር። በልማዴ ብሄድ ኖሮ ሰኞ ጠዋት ሪፖርቷ አይከፈትም ነበር።

ቀኑን እሷ መረጠች። ሪፖርት ባስገባች ማግስት። የዲስኩን ሙሉ ኮፒ ወሰድኩ፣ መመለሻውን ወደ 60 ቀን አራዘምኩ። ሲያልቅ ግማሽ ቀን አብሬያት ሠራሁ። አንድ ነገር ብቻ ነው የተጣላት፤ ፋይል ላይ በቀኝ ስትጫን የሚመጣው ዝርዝር ተቀይሮ ኮፒ የሚለው ከለመደችው ቦታ ተነስቶ ትንሽ ሥዕል ይዞ ሌላ ቦታ ሄዶባታል። ሥዕሏን አሳየኋት፤ ወረቀቷ ላይ ሣለችው።

"እስከ ዛሬ እንዲህ ብላችሁ የጠየቃችሁኝ አልነበረም" አለችኝ። በዚህ መንገድ በሳምንት አራት ሰው ነው የማዳርሰው። ቀርፋፋ ነው። ግን እስካሁን ወደ አሮጌው መልስልኝ ያለኝ የለም።

ወር መዝጊያ

የቀን አጻጻፉን ስላየህላት ተባረክ። የእኔዎቹን ልጆች ይሄን ክር አስነብባቸዋለሁ።

ጡረተኛው መምህር

ልጆች፣ እኔም ዜና አለኝ። የልጅ ልጄ ለእረፍት መጥታለች። ዊንዶውስ 11 ያለው ኮምፒውተር አመጡልኝ። በዚህ ጊዜ ቀድመው ጠይቀውኛል። አዲስ ደብተር ገዛሁ። እሷ ትነካለች፣ እኔ እጽፋለሁ። አንድ ነገር ግን አስቸገረን። የስታርት ምልክቷ ከግራ ጥግ ተነስታ ወደ መሃል ሄዳለች። እጄ ሁልጊዜ ወደ ግራ ነው የሚሄደው። ወደ ቦታዋ መመለስ ይቻላል?

ካቻቢቴ

ይቻላል መምህር። ታች ባለው ረጅም መስመር ላይ ባዶ ቦታ ፈልገው በማውሱ ቀኝ ይጫኑ። "ታስክባር ሴቲንግስ" የሚል ይመጣል፤ እሱን ይንኩ። በሚከፈተው ገጽ ታች ወርደው "ታስክባር ቢሄቪየርስ" የሚለውን ይክፈቱ። የመጀመሪያው "አላይንመንት" ይላል፤ አጠገቡ "ሴንተር" ተጽፏል። እሱን ነክተው "ሌፍት" የሚለውን ይምረጡ። ወዲያው ትመለሳለች።

ጡረተኛው መምህር

ተመለሰች። ገጽ 2 ላይ ጻፍኩት።